ደላላው ስልክ ውስጥ ገባ! ቤቱስ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቤት ነው። ቤት ሲባል ተከራዩም፣ አከራዩም፣ ሻጩም፣ ገዢውም፣ «አንድ ቀን እግዜር ካለ...» እያለ የሚመኘውም ጆሮውን ያቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቤት የማያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ከአባቱ ወርሷል፣ ወይ ገና አልተወለደም!

እስቲ መጀመሪያ ድሮ እንዴት እንደነበር እናስታውስ። ድሮ ስል ሩቅ አይምሰላችሁ፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ማለቴ ነው። ቤት ፈላጊ በመጀመሪያ ሰፈር ይመርጣል። ከዚያ ሱቅ በረንዳ ላይ ወይም ጠጅ ቤት ደጃፍ ከተሰበሰቡት ሰዎች ጋ ቀረብ ብሎ «እዚህ አካባቢ የሚከራይ ቤት ይኖራል?» ይላል። አንዱ ብድግ ይላል። ደላላው ከፊት፣ ቤት ፈላጊው ከኋላ ሆነው ጭቃውን እያቋረጡ፣ ውሻ እየጮኸባቸው፣ አምስት ስድስት ግቢ ያንኳኳሉ። የመብራት እንጨት ላይ በእስክሪፕቶ የተጻፈ ወረቀትም ይለጠፍ ነበር። አቅም ያለው ደግሞ ጋዜጣ ላይ ያሳውጃል።

ያ ደላላ መልአክ አልነበረም። ዋጋ ይጨምራል፣ ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ «ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሚስቱንም፣ ዕድሩንም፣ የሚጠጣበትን ቤትም ያውቃሉ። ዛሬ ቢያጭበረብር ነገ እዚያው በረንዳ ላይ ትይዙታላችሁ። መተማመኛችን እሱ ነበር።

ዘንድሮ ግን በረንዳው ባዶ ነው። ደላላው ስልክ ውስጥ ገብቷል!

ሁሉም ቤት «ከመገናኛ በ10 ደቂቃ»

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ቴሌግራም በ2013 ሲፈጠሩ ማንም ስለ ገርጂ ቪላና ስለ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አስቦ አልፈጠራቸውም። የእኛ ሰው ግን ለገበያ ፈጣን ነው። ዛሬ ቴሌግራም ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣውን ቻናል ቆጥራችሁ አትጨርሱም። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሸክ ያለ ወጣት በር እየከፈተ ሳሎኑን፣ ማድቤቱን፣ መኝታ ቤቱን በአንድ ደቂቃ ያስጎበኛችኋል። ከበስተኋላ ሙዚቃ አለ። የሰው አፍ ውኃ ይሞላል!

ማስታወቂያዎቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እኔ ይኼን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስል ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳነባቸው ሰነበትኩ። ለምሳሌ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ በአስቸኳይ» የሚለው አለ። እንደ ማስታወቂያው ቢሆን ከተማው ውስጥ ሰው ባልቀረ ነበር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ደግሞ ትርጉሙ «መጀመሪያ አንተ ምን ያህል እንዳለህ ንገረኝ» ነው። «ዋጋው ይደራደራል» ከተባለ ደግሞ በላዩ ላይ ተጨምሯል ማለት ነው። ከሁሉም የሚያስቀኝ «ከመገናኛ በ10 ደቂቃ ርቀት ላይ» የሚለው ነው። በምን? በሌሊት? በሄሊኮፕተር?

አንድ ቤት አሥር ቻናል ላይ፣ በአምስት ዓይነት ዋጋ ማየትም የተለመደ ነው። ምክንያቱን አንዲት በዚሁ ሥራ ላይ ያለች ወጣት አጫወተችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ያጣች ልጅ ነበረች። አሁን አንድ ስልክ፣ አንድ ማቆሚያ እንጨትና አንድ ቻናል ይዛ እናቷን ታስተዳድራለች። «ወንድሜ፣ ቤቱን ከባለቤቱ የያዘው አንድ ደላላ ነው» አለችኝ። «እሱ ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛው ለእኔ ይልካል፣ እኔ ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። ሌላው ደግሞ የእኔን ፎቶ ሰርቆ የራሱን ስልክ ቁጥር ይጽፍበታል። ሁላችንም ከኮሚሽኑ እንፈልጋለን። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ይጨምራል።» ፎቶው ላይ መሐል ለመሐል ስልክ ቁጥር የሚጻፈው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ለእናንተ ሳይሆን ለሌላው ደላላ ነው የሚጻፈው!

የቀረጻውንም ብልሃት አልደበቀችኝም። የስልኩ ካሜራ ሰፊውን ማሳያ ሲያደርጉት ጠባቧ ክፍል አዳራሽ ትሆናለች። ቀረጻው ጠዋት ነው፤ ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ። ዕቃ ያለበት ቤት ከባዶው የበለጠ ሰው ይስባል። «የማትቀርጪውስ ምን አለ?» ብላት ሳቀችና «ቧንቧ» አለችኝ። «ቧንቧ ከፍቼ አልቀርጽም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው ብዬ ብጽፍ ማን ይደውላል?»

ልጅቷን አልወቅሳትም። ቤቱን አልፈጠረችም፣ አልዋሸችም፤ ግማሹን ብቻ ነው ያሳየችው። ነገር ግን ቤት የሚገዛ ሰው የሚቸገረው በዚያ ባልታየው ግማሽ ነው።

ጥሩውንም እንናገር

ሰው ሁሉ ቴክኖሎጂን ሲያማ ደስ አይለኝም። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ፤ የእግር መንገዱን አውቀዋለሁ። ድሮ አንድ ክፍል ቤት ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ በእግር መኳተን ነበር። አሁን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሰሚት ስንት እንደሆነ፣ ለቡ ስንት እንደሆነ፣ አያት ስንት እንደሆነ አወዳድራለሁ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ከማታውቀው ደላላ ጋር ከሰው ግቢ ሰው ግቢ ከመዞር ድናለች፤ መጀመሪያ ታያለች፣ ካልጣማት ትተዋለች። አከራዩም ከሰፈሩ ደላላ እጅ ወጥቶ ራሱ ለጥፎ ራሱ ያከራያል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ይኼው ስልክ አዲስ ዘዴም ወልዷል። ባለፈው ገርጂ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት በጥሩ ዋጋ አይቼ ደወልኩ። «ውይ ወንድሜ፣ አሁን ከአሥር ደቂቃ በፊት ተያዘ። ግን ሌላ አለ፣ ትንሽ ከፍ ይላል...» ተባልኩ። በሳምንቱ በሌላ ስልክ ደወልኩ። አሁንም «ከአሥር ደቂቃ በፊት» ተይዟል! ያ ቤት ማጥመጃ ነው። ምናልባት የዛሬ ሁለት ዓመት የተከራየ ነው። ሥራው የእናንተን ስልክ ቁጥር መሰብሰብ ብቻ ነው።

ፈረንጅ አገርስ እንዴት ነው?

አንድ አብሮ አደጌ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ብትሄዱ በአማርኛ ምሳ በልታችሁ፣ በአማርኛ ፀጉራችሁን ተቆርጣችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። እሱ ቤት ሲገዛ እንዴት እንዳደረገ ጠየቅኩት።

እዚያም ድሮ የሚሸጠው ቤት ዝርዝር በደላሎች እጅ ነበር። ገዢው የሚያየው ደላላው ያሳየውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ክሬግስሊስት የሚባለው የማስታወቂያ መድረክ ተጀመረ። በ2006 ደግሞ ዚሎ የሚባለው መጣና የሚሸጠውንም የማይሸጠውንም ቤት ከነግምቱ ለሁሉም ሰው አሳየ። ጓደኛዬ ግን ዋናውን ነገር የነገረኝ ቀጥሎ ነው። «እዚህ የቤቱን ታሪክ አየዋለሁ» አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የንብረት መዝገቡን መንግሥት ራሱ በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቶታል። የቤቱ አድራሻ ሲገባ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሸጠ፣ በስንት እንደተሸጠ ይወጣል። ሻጩ «በዚህ ዋጋ ነው የገዛሁት» ብሎ ቢዋሽ በሁለት ደቂቃ ይጋለጣል።

ልብ በሉ! እዚያ ኢንተርኔቱ ከፎቶው ጋር መዝገቡንም ይዞ መጣ። እኛ ጋ የመጣው ፎቶው ብቻ ነው። ቻናሎቻችን ላይ የምናየው የተጠየቀውን ዋጋ ነው፤ በስንት እንደተሸጠ የሚያውቁት ሻጭ፣ ገዢና ደላላው ብቻ ናቸው። ጎረቤታችሁ 12 ሚሊዮን ብሎ ስለለጠፈ እናንተም 13 ሚሊዮን ትላላችሁ። የእሱ ግን በ9 ሚሊዮን ተሸጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ አልተሸጠም። ዋጋ በወሬ ይወጣል። ወሬውን ደግሞ አሁን ስልክ ያባዛዋል።

መዝገቡም ኖሮ ማሽን ሁሉን ያውቃል ማለት እንዳይመስላችሁ። ያ ዚሎ የተባለው ድርጅት በኮምፒውተር ግምት እየተመራ ራሱ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ግምቱ አላዋጣውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ኪሳራ ያንን ሥራ ዘጋው። መዝገብ ያለውም ከሳተ፣ በፎቶ ብቻ የሚገዛ ምን ሊሆን ነው?

ብስክሌት የሚነዳው ሕፃን

አሁን ወደሚያመው ጉዳይ ልግባ። በዚህ ገጽ የሰው ስም አንጠራምና የእህታችን ስም ይቆይ። ኩዌት በሰው ቤት ሠራተኛነት ስምንት ዓመት ለፍታለች። ታሪኳን ያገኘሁት በታናሽ ወንድሟ በኩል ነው፤ በኋላም በስልክ ራሷ አጫወተችኝ።

ማታ ሥራ ጨርሳ፣ ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ጋደም ብላ ቲክቶክ ታያለች። አንድ ቀን ስለ አፓርታማ ቪዲዮ አየች። ልብሷን የቀየረች ያህል እንኳ ጊዜ ሳይፈጅ ሌላ መጣ። በማግሥቱም ሌላ። ይኼ አጋጣሚ አይደለም። እነዚህ መድረኮች አንድ ነገር ላይ ዓይናችሁ ሲቆይ ያውቃሉ፤ ያንኑ ደጋግመው ያመጡላችኋል። የድሮ ደላላ እንቢ ሲባል ይሄዳል። የአሁኑ እንቢ አይባልም፣ እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ አብሯችሁ አልጋ ውስጥ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ስርጭት አንድ የሽያጭ ሠራተኛ መጣ። ስሟን አይቶ «እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። በስምንት ዓመት ውስጥ «እንኳን ደህና መጣሽ» ያላት ሰው ብዙ አልነበረም። «የቀሩት ሦስት ቤቶች ናቸው፣ ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል» አለ። ቪዲዮው ላይ መዋኛ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሕፃን ብስክሌት ይነዳል። እህታችን ልጇን ለእናቷ ትታ የሄደች ናት። ያ ሕፃን የእሷ ልጅ ሆኖ ታያት።

ቅድሚያ ክፍያ ላከች። ወንድሟ በውክልና ፈረመላት። ውሉን እኔም አይቼዋለሁ። የእሷ ክፍያ በቀን ተቆርጦ ተጽፏል፤ በየአራት ወሩ ይኼን ያህል፣ በዚህ ቀን፣ ሁለት ጊዜ ካሳለፈች ውሉ ይፈርሳል፣ ከከፈለችውም ይቆረጣል። የሻጩ ግዴታ ግን «ከአቅም በላይ ችግር ካልገጠመ በ24 ወራት ውስጥ» በሚል አንድ መስመር አልቋል። ዛሬ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከዋጋው ግማሽ በላይ ከፍላለች። ወንድሟ ቦታው ድረስ ሄዶ ያየው ቆርቆሮ አጥር፣ ትልቅ ጉድጓድና የቆመ ክሬን ነው። ሌባ አልሰረቃትም፣ ድርጅቱም አልጠፋም፤ ስልክ ያነሳል፣ «እየተሠራ ነው» ይላል። እሷ ግን መክፈል ብታቆም የከፈለችውን ልታጣ ነው፤ ብትቀጥል ደግሞ የምትከፍለው ለጉድጓድ ነው።

«ቪዲዮውን አጠፋሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። «አላጠፋሁትም» አለችኝ። «አንዳንድ ማታ አየዋለሁ። ልጁ አሁንም ብስክሌቱን ይነዳል።»

ያ ሕፃን በካሜራ የተቀረጸ አይደለም፣ ዛፉም አልተተከለም። ሁሉም በኮምፒውተር የተሣለ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለእኛ ዘመን የተተረተ ይመስላል።

ኢንተርኔቱ ነው ያመጣው እንዳትሉኝ! ቲክቶክ ሳይኖር አክሰስ ሪል ስቴት ከሁለት ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች ብር ሰብስቦ፣ ቤት ሳያስረክብ፣ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ጉዳዩ የአገር ወሬ ሆኖ ነበር። ያኔ ግን ገዢው ቢያንስ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ ከሰው ተማክሮ፣ ብሩን ባንክ ተሰልፎ ነበር የሚያስገባው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ማሰቢያ ጊዜ ነበረው። አሁን ያ ጊዜ ተበላ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ፣ የባንኮቹም መተግበሪያ አለ፤ ማየት፣ መመኘትና መክፈል በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። ቴክኖሎጂው መንገድ አሳጠረ፤ ያሳጠረው መንገድ ግን ሰው የሚያስብበትን ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

«ስልካችሁን ጣሉ» አልልም። ምክሬ አጭር ነው። ስልክ ይምረጥ፣ እግር ይይ፣ ወረቀት ይግዛ። ዝርዝሩ እነሆ፦

አንደኛ፣ ዋጋ ስታዩ ቀኑን እዩ። የቴሌግራም ቻናል የድሮውን ማስታወቂያ አይረሳም። የሰፈሩን ስም ጽፋችሁ ወደ ኋላ ፈልጉ። ያ «አስቸኳይ» ቤት ከስምንት ወር በፊት ተለጥፎ ከሆነ አስቸኳይነቱ ለደላላው ነው። ያንኑ ቤት ሌሎች ቻናሎች ላይ ፈልጋችሁ ዝቅተኛውን ዋጋ ያዙ፤ ወደ ባለቤቱ የሚቀርበው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሩቅ ከሆናችሁ የተቀረጸ ቪዲዮ አይበቃም። በቀጥታ ደውሉ፣ ካሜራውን እናንተ ምሩት። «ቧንቧውን ክፈተው። መብራቱን አብራው። ጣሪያው ጥግ ላይ አሳየኝ። አሁን ወደ በሩ ውጣ፣ መንገዱን አሳየኝ፣ የጎረቤቱን በር አንኳኳልኝ።» እምቢ ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል። ከጎረቤት ጋር አምስት ደቂቃ ማውራት ከአምስት መቶ ቪዲዮ ይበልጣል፤ ውኃው መቼ እንደሚመጣ፣ ግቢው በክርክር ላይ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ቤቱን በእግሩ ያላየ ሰው ቀብድ አይላክ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢሏችሁ «ይውሰደው» በሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢወጣ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይኼ የሚሠራው ግን ውልና ማስረጃ ላለው ነው። ስሙን ለማታውቁት ሰው በስልክ የላካችሁትን «ቀብድ ነበር» ብላችሁ ማን ላይ ነው የምታቀርቡት?

አራተኛ፣ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነና በሕግ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዘመኑ አነጋገር ውልና ማስረጃ ሂዱ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ከሚመለከተው የመሬት መሥሪያ ቤት አጣሩ። የኮንዶሚኒየም ቤት ከሆነ ደግሞ በተለይ ጠይቁ። በዕጣ የተላለፉት ቤቶች ለ5 ዓመት እንዳይሸጡ ገደብ ያለባቸው ናቸው። «በውክልና ይሸጣል» የሚለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ገደብ መሸሻ ነው። ሰጪው ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት በእጃችሁ የሚቀረው ቁልፍ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ያልተሠራ ቤት የምትገዙ፣ በተለይ አረብ አገርና አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ! ቪዲዮውን ዘግታችሁ ውሉን ክፈቱ። መሬቱ በማን ስም ነው? የግንባታ ፈቃዱ የስንት ፎቅ ነው? ክፍያችሁ ከቀን ጋር ሳይሆን ከግንባታው ጋር ይታሰር። መሠረቱ ሲወጣ ይኼን ያህል፣ አራተኛው ፎቅ ሲደርስ ይኼን ያህል እየተባለ ይጻፍ። ቢዘገይ በወር ስንት እንደሚቀጣ በቁጥር ይጻፍ። «ይኼ የድርጅቱ ቋሚ ውል ነው፣ አይቀየርም» ካሏችሁ ብራችሁም ቋሚ ነው፣ አይንቀሳቀስም በሏቸው። ወኪላችሁ ቦታውን በተለያየ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ሄዶ ይይ፤ ሠራተኛ የሌለበት ግንባታ በማስታወቂያ አይቆምም።

ስድስተኛ ለእኔ ቢጤ ተከራዮች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ አከራዩም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ቻናሉ ላይ «የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚል ካያችሁ ማስታወቂያው ራሱ ሕግ መጣሱን እየመሰከረ ነው። ፎቶ አንሱት፣ አስቀምጡት።

በመጨረሻ ለደላሎችና ለሽያጭ ሠራተኞች አንድ ነገር ልበል። የድሮው ደላላ መተማመኛው ፊቱ ነበር ብያችኋለሁ። እናንተም ፊት አላችሁ። ቻናላችሁ ላይ ቧንቧውን ከፍታችሁ አሳዩ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አሳዩ፣ የተሸጠውን «ተሸጧል» በሉ፣ በስንት እንደተሸጠም ሻጭና ገዢ ከፈቀዱ ጻፉ። ያቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ይኼን ብነግራት «ደዋይ ይቀንስብኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይቀንስባታል። የሚደውለው ግን የሚገዛው ይሆናል። ለከተማችን የመሬት መሥሪያ ቤቶችም ያለኝ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ፎቶው ስልካችን ላይ ከደረሰ መዝገቡስ መቼ ነው የሚደርሰው?

እስከዚያው ድረስ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚለውን አትርሱ። ዓይኑ ግን የራሳችሁ ይሁን፣ የካሜራው አይሁን።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቤት ያላችሁ በቤታችሁ፣ የሌላችሁም በተከራያችሁት፣ ቸር ሰንብቱ!